ኪሎ ሲጨምር የትኛው የወሊድ መከላከያ? የአንባቢዎች ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው። «ወፍራም ስለሆንሽ መከላከያ አይሆንሽም ተባልኩ»፣ «መርፌው አወፈረኝ»፣ «ክኒኑ ለኔ ኪሎ ያንሳል ወይ?» የሚሉ ናቸው። በክብደቷ ምክንያት መከላከያ ተከልክላ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ደብዳቤ ስናነብ ከልብ አዝነናል፤ ምክንያቱም ውፍረት ብቻውን የሚከለክለው የሆርሞን መከላከያ የለም ለማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ለእያንዳንዱ ዘዴ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። 1 ያለ ምንም ገደብ መጠቀም እንደሚቻል፣ 2 ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ፣ 3 ሌላ አማራጭ ካለ ቢቀር እንደሚሻል፣ 4 ደግሞ ፈጽሞ መጠቀም እንደማይገባ ያመለክታል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ላላት አዋቂ ሴት ክንድ ውስጥ የሚቀበረው (ኢምፕላኖን ወይም ጃደል)፣ የሦስት ወር መርፌው (ዲፖ)፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕና አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ክኒን ሁሉም 1 ናቸው። ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ክኒን 2 ነው። ኪሎ ለውጥ የሚያመጣው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ነው፤ ከዚህ በታች የምንመልሰውም እነዚያን ነው።

ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚባለው ኪሎ ለቁመት ካሬ ተካፍሎ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 78 ኪሎ የሆነች ሴት 1.60ን በ1.60 ታባዛለች፤ 2.56 ይመጣል። 78 ለ2.56 ሲካፈል 30.5 ይሆናል።

«ዕድሜዬ 27፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ኮንዶም ተቀዶብን በማግስቱ ፖስት ፒል ወሰድኩ። የወር አበባዬ 12 ቀን ዘግይቶ መጣ፤ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። በኋላ ጓደኛዬ "እሱ እኮ ለወፍራም ሰው አይሠራም" አለችኝ። እውነት ነው?» — ከአዳማ

ጓደኛዎ የሰማችው ነገር መሠረት አለው፤ ግን «አይሠራም» ብሎ መደምደም ይከብዳል። በፖስት ፒል፣ ማለትም ለድንገተኛ መከላከያ በሚዋጠው ክኒን ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፤ መጠኑ 1.5 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ፍሬ ወይም 0.75 ሚሊ ግራም በሆኑ ሁለት ፍሬዎች። የሚሠራው እንቁላሏ ከማኅፀን አጠገብ ካለው ከረጢቷ እንዳትወጣ በማዘግየት ነው። ያንን ለማድረግ በደም ውስጥ በቂ መጠን ላይ መድረስ አለበት። ውፍረት ባላት ሴት ደም ውስጥ ግን ያው አንድ ፍሬ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ቀጠን ካለችው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ አውሮፓዊ አምራች መድኃኒቱ ከ75 ኪሎ ጀምሮ ኃይሉ እንደሚቀንስ፣ ከ80 ኪሎ በላይ ደግሞ እንደማይሠራ በማሸጊያው ላይ ጽፎ ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2014 ጉዳዩን መርምሮ መረጃው ለእንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ አይበቃም አለ፤ ጽሑፉም እንዲነሳ ተደረገ። የእንግሊዝ ባለሙያዎች መመሪያ ግን ከ70 ኪሎ በላይ ለሆነች ወይም የክብደትና የቁመት ስሌቷ ከ26 ለሚበልጥ ሴት መጀመሪያ ሌላ አማራጭ እንዲሰጣት ይመክራል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ሁለት ፍሬ ልዋጥ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። መጠኑ እጥፍ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ከፍ ይላል። ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ፣ ውፍረት ባላቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት 3 ሚሊ ግራም የወሰዱት 1.5 ሚሊ ግራም ከወሰዱት የተሻለ የእንቁላል መዘግየት እንዳላሳዩ አግኝቷል። ስለዚህ ሁለት ፍሬ ወስዶ ተረጋግቶ መተኛት የለም።

ለእርስዎ ክብደት ከሁሉ የሚሻለው መዳብ ያለበት ሉፕ ነው። ግንኙነቱ ከተፈጸመ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከ100 ሴቶች ከ99 በላዩን ከእርግዝና ይጠብቃል፤ ሆርሞን ስለሌለው ኪሎ ምንም አይቀንስበትም፤ ከዚያም ለ10 ዓመት ያገለግላል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ለድንገተኛ መከላከያ ሉፕ እንዲገባልኝ ነው» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» የሚል መልስ ቢሰጥዎ ቀኑ እንደሚያልፍ ያስረዱ። ሌላው አማራጭ ኡሊፕሪስታል የሚባለው 30 ሚሊ ግራም ክኒን ነው፤ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፣ ከፖስት ፒልም ይልቅ ለከፍተኛ ኪሎ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከ85 ኪሎ በላይ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን ኤላዋን ወይም ኤላ በሚል ስም ያውቁታል። እሱን የወሰደች ሴት መደበኛ የሆርሞን መከላከያ ከመጀመሯ በፊት 5 ቀን መቆየት አለባት፤ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻሉ።

ሁለቱም ካልተገኙ ግን ፖስት ፒልን አይተዉት። 72 ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተወሰደው በሦስተኛው ቀን ከተወሰደው ይሻላል። በ3 ሰዓት ውስጥ ቢያስመልስዎ ሌላ ፍሬ ይውሰዱ። የወር አበባው ቢመጣም ባይመጣም በ3 ሳምንት የሽንት ምርመራ ያድርጉ፤ መድኃኒቱ ራሱ የወር አበባን ቀን ስለሚያዛባ መዘግየቱ ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። ከፖስት ፒል በኋላ መደበኛ መከላከያ በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል። እርስዎም ያን ያህል ቀን በጭንቀት ከሚያሳልፉ፣ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

«38 ዓመቴ ነው፣ 92 ኪሎ እመዝናለሁ። ክኒን ስወስድ 6 ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ቀን አላሳሳተኝም። ሰሞኑን ደም ግፊቴ ሁለት ጊዜ ተለክቶ 145 በ95 እና 148 በ94 ሆነ። ክኒኑ ከኪሎዬ ጋር ይስማማል?» — ከባሕር ዳር

ከኪሎዎ ጋር ይስማማ ነበር፤ አሁን የማይስማማው ከደም ግፊትዎ ጋር ነው። ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ውስጥ ኢስትሮጅን አለ። ኢስትሮጅን ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋት ዝንባሌውን ይጨምራል። ክኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ የደም መርጋት ይገጥማቸዋል፤ ክኒን ከሚወስዱት እንደ ክኒኑ ዓይነት ከ5 እስከ 12። ውፍረት ለብቻው ይህን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይደራረባሉ። ቁጥሩ አሁንም ትንሽ ነው፤ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያለው የመርጋት አደጋ ከዚህ ይበልጣል። ለዚህ ነው መመዘኛው 2 የሚለው። ደም ግፊት ከ140 በ90 ጀምሮ ሲሆን ግን ደረጃው ወደ 3 ይወጣል፤ 160 በ100 ላይ 4 ነው። ይህ የሚሆነው በልብና በአንጎል የደም ሥሮች ምክንያት ነው። ከ35 ዓመት በላይ መሆንዎም ተደምሮ አደጋው ይከብዳል፤ ሲጋራ ቢኖር ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ክኒኑን ይቀይሩ፤ አዲሱ ዘዴ ከመጀመሩ በፊት ግን አያቋርጡት፣ ወይም እስከዚያው ኮንዶም ይያዙ። ኢምፕላኖን፣ ጃደል፣ ሉፕ፣ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው ክኒን ለእርስዎ ይሆናሉ፤ ኢስትሮጅን የለባቸውም። የሦስት ወር መርፌው አሁን ባለው ልኬት ሊሰጥ ይችላል፤ ግፊቱ 160 ከደረሰ ግን እሱም 3 ይሆናል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ካገኙና የወር አበባዎ የሚበዛ ከሆነ ሁለት ጥቅም አለው፦ ደሙን ይቀንሳል፤ በውፍረት ምክንያት ሊወፍር የሚችለውን የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋንም ያሳሳል። የወር አበባዎ ያለ ልክ የሚዛባ ወይም በመሃል የሚፈስ ከሆነ ግን መከላከያ ከመቀየርዎ በፊት ምክንያቱ ይታይ።

እስከሚቀይሩ ድረስ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ባትዎ ላይ የማይለቅ ሕመም ቢኖር፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ደረትዎን ቢወጋዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ክኒን እንደሚወስዱም ይናገሩ።

በዚህ አጋጣሚ ክኒን የሚወስዱ ሌሎች አንባቢዎች «በኔ ኪሎ ኃይሉ ይቀንሳል ወይ?» ላሉን፦ በየቀኑ በትክክል ለምትወስድ ሴት ኪሎ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ክኒን የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ሲረሳ ነው። ኪሎ የሚገባበት ጠባብ በር አንድ ነው፤ ሆርሞን የሌለበት የ7 ቀን ዕረፍት። በብዙ ፓኬቶች ከ28ቱ ፍሬ 21ዱ ሆርሞን ናቸው፣ የቀሩት 7 ቡናማ ፍሬዎች ብረት ናቸው። ከዕረፍቱ በኋላ ወፍራም በሆነች ሴት ደም ውስጥ ሆርሞኑ ወደ ሙሉ መጠኑ ለመመለስ ረዘም ያለ ቀን ይወስድበታል። አዲሱን ፓኬት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማዘግየት ለእሷ ከሁሉም የከፋ ስህተት የሆነው ለዚህ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፍሬ የረሳች ሴት ያስታወሰችውን ወዲያው ትዋጥ፣ ቀጣዩን በሰዓቱ ትቀጥል፣ ለ7 ቀን ኮንዶም ትጠቀም። የረሳችው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹን ትታ ቀጥታ ወደ አዲሱ ፓኬት ትለፍ።

«ዲፖ ስጀምር 62 ኪሎ ነበርኩ፤ በዓመቱ 71 ገባሁ። ባለቤቴ "ተስማምቶሻል" ይላል፣ እኔ ግን ልብሴ ሁሉ ጠቦብኝ ተጨንቄአለሁ። መርፌው ነው ወይስ ምግቤ?» — ከደሴ

ሊሆን የሚችለው መርፌውም ምግቡም ነው፤ መርፌው ለአንዳንድ ሴቶች የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ስለ ሌሎቹ ዘዴዎች «ያወፍራል» ሲባል ማስረጃው ደካማ ነው፤ ክኒን ኪሎ እንደሚጨምር በጥናት አልታየም። ዲፖ ግን ይለያል። በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይጨምራል። አማካይ ስለሆነ ምንም ያልጨመሩም፣ እንደ እርስዎ 9 ኪሎ የጨመሩም በውስጡ አሉ። ማን ብዙ እንደምትጨምር ቀድሞ የሚጠቁም አንድ ምልክት አለ፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከመነሻ ክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረች ሴት ከቀጠለችበት መጨመሯ አይቀርም። ለእርስዎ 5 በመቶ ማለት 3.1 ኪሎ ነበር። ሁለተኛውን መርፌ ጨርሰው ለሦስተኛው ሲመጡ ሚዛን ላይ ቢወጡና ከ65 በላይ ቢያሳይ ኖሮ ያኔ መነጋገር ይቻል ነበር። ለዚህ ነው ዲፖ የሚጀምሩ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ተመዝነው ቁጥሩን በካርዳቸው ላይ እንዲያስጽፉ የምንለምነው። ሚዛን የሌለው ጤና ኬላ ብዙም አይደለም፤ የሚረሳው መጻፉ ነው።

መቀየር ከፈለጉ መርፌው እስኪያልቅ አይጠብቁ። የመጨረሻው መርፌ ከተወጋ 13 ሳምንት ሳይሞላ ኢምፕላኖን ወይም ሉፕ ቢገባልዎ ክፍተት አይኖርም። ቀጠሮው ያለፈበትም ቢሆን እስከ 4 ሳምንት ድረስ የዘገየች ሴት ሌላ መከላከያ ሳያስፈልጋት መርፌውን መወጋት ትችላለች። ኪሎው ወዲያው ይወርዳል ብለን አናታልልዎትም፤ የመጨረሻው መርፌ ከሰውነት ለመውጣት ወራት ይፈጃል። በቅርቡ ልጅ የሚያስቡ ከሆነም ይህንን ይቁጠሩት፦ ከዲፖ በኋላ እርግዝና ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ ኢምፕላኖንና ሉፕ ግን በወጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማርገዝ ይቻላል።

በመርፌው ለመቀጠል የሚመርጡ ከባድ ክብደት ያላቸው ሴቶች ደግሞ በክንድ ይወጉ። መቀመጫ ላይ ስቡ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ጡንቻ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ከተወጉ በኋላ ቦታውን አይሹት፣ ሌላ ሰውም እንዲያሸው አይፍቀዱ፤ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ነው፣ ሲታሽ ቶሎ ይበተናል።

«ጃደል የተቀበረልኝ 71 ኪሎ ሳለሁ ነው። አሁን 88 ሆኛለሁ፣ 4 ዓመት ከ3 ወር ሞላኝ። ካርዱ 5 ዓመት ይላል። ልጠብቅ?» — ከሐዋሳ

አይጠብቁ። ጃደል እያንዳንዳቸው 75 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል የያዙ ሁለት ዘንጎች ናቸው፤ ሆርሞኑ በየዓመቱ እየቀነሰ ይለቀቃል። 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነች ሴት ከ4 ዓመት በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ4ኛው ዓመት እንዲቀየር ይመከራል። የሚታየው ዛሬ ያለዎት ኪሎ ነው፣ በተቀበረልዎት ቀን የነበረው አይደለም። እስኪቀየር ኮንዶም ይጠቀሙ። አዲሱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀዳዳ ሊገባ ይችላል። አንድ ዘንግ የሆነው ኢምፕላኖን 68 ሚሊ ግራም ሌላ ሆርሞን ይይዛል፤ ማሸጊያው የሚለውን 3 ዓመት በእርስዎ ኪሎም ይጠብቃል።

ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ደግመው ያንብቡት፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው ወይስ በፈረንጅ? ወሩ ተደባልቆ ወራት የተሳሳቱ ሴቶች አሉ።

ከመሄድዎ በፊት ክንድዎን አጥፈው፣ በሌላው እጅ አመልካች ጣት ከክርን በላይ ያለውን የውስጠኛ ክንድ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ሁለቱ ዘንጎች እንደ ቀጭን የክብሪት እንጨት ከቆዳው ሥር መንቀሳቀስ አለባቸው። ክንድ ሲወፍር ዘንጎቹ ወደ ውስጥ የሰመጡ ይመስላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በላያቸው ያለው ስብ ነው የጨመረው። አንዱ ካልተገኘ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ሳይዳሰስ በግምት እንዲቆረጥ አይፍቀዱ፣ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ወይም ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን የሚወስዱ ከሆነ ይህም ይነገር። እነዚህ ከኪሎ በላይ ጃደልንም፣ ኢምፕላኖንንም፣ ክኒንንም ያዳክማሉ፤ ዲፖንና ሉፕን አይነኩም።

«ኪሎ ለመቀነስ ዜፕባውንድ ጀምሬአለሁ፤ ክኒንም እወስዳለሁ። በጓደኞቼ መካከል ሳያስቡት ያረገዙ አሉ። ለምን ይሆናል?» — ከሜሪላንድ

ዜፕባውንድና ማውንጃሮ ውስጥ ያለው ተርዜፓታይድ ሆድ ምግብን ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ ያደርጋል። የሚዋጥ መድኃኒት ስለዚህ ዘግይቶና ያነሰ ሆኖ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ይህ የሚበረታው መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ከፍ ሲል ነው። የአምራቹ መመሪያ የሚለው፦ ከጀመሩ በኋላ ለ4 ሳምንት፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ለ4 ሳምንት ኮንዶም ይጨምሩ ወይም ወደማይዋጥ ዘዴ ይቀይሩ። መጠኑ በየ4 ሳምንቱ ከፍ እያለ ስለሚሄድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኮንዶሙ የሚቀርበት ሳምንት የለም ማለት ነው። ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረው ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልጋቸውም። ማስመለስና ተቅማጥ ካለም ክኒኑ እንደተረሳ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ኪሎ ሲቀንስ ተቋርጦ የነበረ የእንቁላል መውጣት ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት «አላረግዝም» ያለች ሴት በድንገት የምታረግዘው ለዚህ ነው። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ ክኒንን እንደዚህ ሲያዳክም አልታየም። ልጅ ሲያስቡ ተርዜፓታይድን ቢያንስ ከ1 ወር፣ ሴማግሉታይድን ከ2 ወር በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

የሆድ ቀዶ ሕክምና አስበው ለጻፉልን፦ አንጀት የሚታለፍበት ዓይነት ከሆነ ክኒን በትክክል አይመጠጥም፤ በአሜሪካ መመዘኛ ደረጃው 3 ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ስለማይመከር ሉፕ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢገባ መልካም ነው።

«በየሳምንቱ በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን መከላከያ ሐኪሜ "ለ95 ኪሎ አልመክርም" አለኝ። ያገለለኝ መሰለኝ።» — ከጀርመን

አላገለለዎትም፣ ትክክል ነው። የሚለጠፈው መከላከያ ከ90 ኪሎ ጀምሮ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ይህም በማሸጊያው ላይ የተጻፈ ነው። ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ 43 ኪሎ ብቻ ነኝ። ዲፖ ለኔ አይበዛም? ግማሹን መወጋት አይቻልም?» — ከጅማ

እህታችን፣ የዲፖ መጠን በኪሎ አይቀነስም፤ ለሁሉም 150 ሚሊ ግራም ነው፣ ግማሹ ቢወጋሽ የሚቀርሽ ጥበቃው ነው። ሌላ የሚታይ ነገር ግን አለ። ዲፖ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥንካሬን ጥቂት ይቀንሳል፣ ሲቆም ይመለሳል፤ ቀጭን ለሆነችና አጥንቷ ገና እየጠነከረ ላለ ወጣት ከዲፖ ይልቅ ኢምፕላኖን የምንመርጥላት ለዚህ ነው። መከላከያ ሳትጀምሪ የወር አበባሽ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሐኪም ንገሪ፤ የምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ክኒን ቢጀመር በየወሩ የሚመጣው ደም ይህን ይሸፍነዋል።